ከሰሊጥ ጋር የተገኘ ሽመል

አዲስ አበቤ ፓልም ዘይት የሚጠላው ስለሚረጋ ነው። ሌላ ምክንያት ያለው ካለ እጁን ያውጣ። ሐምሌ ጠዋት ላይ ጄሪካኑን ሲያዘነብሉት አልወርድ ይላል፣ ነጭ ሞራ መስሎ አፉ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ "ይሄ ነገር ደም ሥሬ ውስጥ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው?" የሚል ጭንቀት ይመጣል። ጭንቀቱ መሠረት የለውም አልልም፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች አታብዙት የሚሉት ዓይነት የሚረጋ ቅባት ነው። ግን ልብ አድርጉ፣ ጥላቻችን በሙሉ ስለራሳችን ልብና ስለራሳችን ደም ሥር ነው። ዘይቱ ከየት መጣ፣ ምን ተቆርጦ መጣ፣ እኛስ በፈንታው ምን ቆርጠን ላክን ብሎ የሚጠይቅ ሰው በታክሲም በካፌም እስካሁን አልገጠመኝም።

ቡለን ላይ ዘይቱ በአብዛኛው አይረጋም። ሙቀቱ አያስረጋውም። ስለዚህ የሚጠላበት ምክንያት እንኳ የለም። ፓልም ብሎ የሚጠራውም ጥቂት ነው፤ "ዘይት" ነው፣ አለቀ።

ቡለን የት ነው ለምትሉ (ለምጄዋለሁ)፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን ነው። በደቡብ ዓባይ፣ በምሥራቅ ድባጤ፣ በምዕራብ ወንበራ ያዋስኑታል። ሽናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገው የሚኖርበት ወረዳ ነው። አብዛኞቻችሁ ስሙን የሰማችሁት ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በኩጂ በተባለው ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ ነው። ያ ቀን በዘይት ወሬ መሐል ጣል ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም፣ የራሱ ጽሑፍ ይገባዋል። ያነሣሁት ቡለን ለመሐል አገር ዜና የሚሆነው ሰው ሲሞትበት ብቻ ስለሆነ ነው። ሰው በሰላም ውሎ በገባበት ቀን ደኑ ምን እንደሚሆን የሚጽፍ የለም። እኔ ደግሞ የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡለንና አካባቢው የዘይት እህል አገር ነው። ኑግ ይዘራል፣ ሰሊጥ ይዘራል፣ ለውዝ ይዘራል፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አኩሪ አተር በርትቷል። የአገሪቱን የአኩሪ አተር ምርምር የሚያስተባብረው ማዕከል እንኳ እዚያው መተከል ውስጥ፣ ፓዊ ነው ያለው። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያመርት ገበሬ ቤት ወጡ የሚሠራው በምንድን ነው? ከማሌዥያ ወይም ከኢንዶኔዥያ በመጣ ዘይት። ዘይቱ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመኪና መሐል አገር፣ ከዚያ በቻግኒ አድርጎ ይገባል። ሰሊጡና አኩሪ አተሩ በዚያው መንገድ ይወጣል። መኪኖቹ የሆነ ቦታ ላይ ጥሩምባ እየተነፋፉ የሚተላለፉ ይመስለኛል።

አክስቴን "ኑጉን ለምን አታስጨምቂውም?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ማን ጋ ወስጄ የኔ ልጅ? መጭመቂያው ሲኖር መብራት የለም፣ መብራት ሲመጣ ባለመጭመቂያው የለም። ሸጬው ዘይት ብገዛ አይቀለኝም?" አለችኝ። ይቀላታል። በርካሽ ሸጣ በውድ የምትገዛ መሆኑንም ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ የማወራው ከአክስቴ ጋር አይደለም፣ ጄሪካን ይዛ የሸማቾች ሰልፍ ላይ ከምትቆም እናት ጋርም አይደለም። ድሃ ርካሹን ይገዛል፤ በዚህ የሚወቀስ ካለ ርካሹን ርካሽ፣ ውዱን ውድ ያደረገው ነው።

እሱ ማነው? በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ መንግሥት ዘይትን ጨምሮ በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፣ ሸቀጡ ከሱቅ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ፓልም ዘይት በመንግሥት እጅ እየገባ በሸማቾች ማኅበራት ሲከፋፈል ኖረ። ትውልዴ ዘይት ማለት ይሄ ነው ብሎ ያደገው በዚያ ሰልፍ ነው። ጎን ለጎን ደግሞ የአገር ውስጥ ጨማቂው ኑግና ሰሊጥ ከላኪ ጋር ተሻምቶ መግዛት አቃተው። ለምን ቢሉ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን እስከተደረገበት እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ብዙ ላኪ ሰሊጥ የሚገዛው ከሰሊጥ ሊያተርፍ አልነበረም። በኪሳራም ቢሆን ልኮ ዶላር ያገኛል፣ በዶላሩ ብረት ወይም መኪና አስገብቶ ከዚያ ያተርፋል። ገርበብ ባለች መጋዘን ውስጥ ሁለት መጭመቂያ ተክሎ ኑግ የሚጨምቅ ሰው ከእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ጋር እንዴት ይወዳደራል? አልተወዳደረም። ዘጋ፣ ወይም ኑጉን በሌላ ነገር መደባለቅ ጀመረ።

በ2013 ቡሬ ላይ ፊቤላ ሲመረቅ እኛ ሠፈር ደስታ ነበር። በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም አለው ተባለ፣ ቡሬ ደግሞ ከመተከል ሩቅ አይደለም። ኑጋችን ባለቤት አገኘ ተባለ። ፋብሪካው ሥራውን የጀመረው ግን ከውጭ የገባ ድፍድፍ ፓልም በማጣራት ነው። የእኛ እህል ወደ ወደብ፣ ድፍድፉ ወደ ቡሬ። በዓመቱ፣ በ2014፣ አምስት ሊትር ዘይት አንድ ሺህ ብር ገደማ ደረሰ። ሚያዝያ 20 ደግሞ ኢንዶኔዥያ "ለራሴም አልበቃኝም" ብላ ፓልም መላክ አቆመች፣ ግንቦት 15 መልሳ ፈቀደች። ሦስት ሳምንት ተኩል። በሌላ አህጉር በተላለፈ ውሳኔ የመርካቶ ሱቅ የሚደነግጥበት አገር፣ በዚያው ወር የራሱን ሰሊጥ በመርከብ እየጫነ ነበር።

አሁን ወደ ደኑ። ከዓለም ፓልም ዘይት ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። እዚያ የተከፈለውን ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ አይታችኋል፤ ዛፉ የተቆረጠበት ኦራንጉታን በዶዘር ፊት ሲቆም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢንዶኔዥያ ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ተቃጠለ፣ ጭሱ ሲንጋፖርና ማሌዥያ ድረስ ትምህርት ቤት አዘጋ። ለፓልምና ለወረቀት እንጨት ተብሎ ረግረጉን ማድረቅና መሬት በእሳት ማጽዳት ከዋነኞቹ ምክንያቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቆ የጭፍጨፋው ፍጥነት ቀንሷል፤ ይህም መነገር አለበት። የተቆረጠው ግን አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ነው የከተማው ልጅ የሚነሣው። "ፓልም ይታገድ! በኑግ እንተካው!" አጨብጭቡ። አሁን ቁጭ ብለን እንደምር።

አንድ ሄክታር ኑግ አሥር ኩንታል ቢሰጥ ጥሩ ሰጠ ይባላል። ከመቶ 40 እጁ ዘይት ነው ብንል፣ ያውም ጠብታ ሳይባክን፣ አራት ኩንታል ዘይት እናገኛለን። አንድ ሄክታር ፓልም ከሠላሳ ኩንታል በላይ ዘይት ይሰጣል። ስለዚህ መቶ ሺህ ቶን ዘይት ለማግኘት ፓልም ሠላሳ ሺህ ሄክታር ገደማ ይበቃዋል፣ ኑግ ሩብ ሚሊዮን ሄክታር ይፈልጋል። የአገሪቱ ፍላጎት ደግሞ ከመቶ ሺህ ቶን ብዙ እጥፍ ነው። ሩብ ሚሊዮኑ፣ ግማሽ ሚሊዮኑ ሄክታር ከየት ሊመጣ ነው? ከቦሌ አይመጣም። ከጎጃም ጤፍ ማሳ አይመጣም። ካርታ ይዘረጋል፣ ጣት በምዕራብ በኩል ያለው አረንጓዴ ላይ ያርፋል፣ "ይሄ ባዶ መሬት አይደል?" ይባላል።

እንዲህ የምለው ስለተባለ ነው። በ2002 እና 2003 ዓ.ም. አካባቢ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል "ባዶ መሬት" ተብለው በሰፊው ሲሸነሸኑ አይተናል። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ ጋምቤላ ላይ 100 ሺህ ሄክታር ወሰደ፣ ለሄክታር በዓመት 20 ብር እየከፈለ። ውሉ ላይ ከተጻፉት ተክሎች አንዱ ምን ነበር? ፓልም! ታኅሣሥ 2008 ላይ መንግሥት ውሉን አቋረጠ፤ መሬቱ ከጥቂቱ በቀር አልለማም ነበር። በእኛም ክልል ሻፑርጂ ፓሎንጂ የተባለው ኩባንያ 50 ሺህ ሄክታር ተሰጠው፤ ለነዳጅ ዘይት የሚሆን ፖንጋሚያ የሚባል ዛፍ ሊተክል። የምግብ ዘይት እንኳ አይደለም። ከትልልቆቹ በታች ደግሞ ቁጥር ስፍር የሌለው አነስ ያለ "ኢንቬስተር" ገባ፤ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ አኩሪ አተር እያለ። ያለማ አለ፣ አልክድም። ዛፉን አንስቶ፣ ሁለት ክረምት ዘርቶ፣ ጥሎ የሄደም አለ።

ባዶ የተባለው ቦታ ላይ ያለው ሽመል ነው። ቆላ ቀርከሃ ይሉታል መጻሕፍቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህ ተክል የበዛበት ክልል የለም። ቤት ይሠራበታል፣ አጥር፣ ጎተራ፣ ቀፎ ይሠራበታል። ክረምት ላይ ቡቃያው ይበላል፤ እህል ባለቀበት ወር ጉሙዙ ቤት ምግብ ነው። ሽመል ደግሞ ጠባዩ ለየት ያለ ነው፣ በአሥርት ዓመታት አንዴ አብቦ ያልቃል፤ በጅምላ ያብባል፣ በጅምላ ይሞታል፣ ከዘሩ እንደገና ይነሣል። የሚነሣው ግን ያን ጊዜ መሬቱን ካልነኩት ነው። ሽመሉ ሲደርቅ "ሞቷል፣ እንረስበት" ያለ ሰው ለዘለዓለም ጨረሰው ማለት ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ይህ ሁሉ ሽመልና ቆላ ዛፍ በመንግሥት ወረቀት ላይ "ደን" ተብሎ አይቆጠርም ነበር። በዚያ ዓመት ትርጉሙ ተለወጠ፤ ከግማሽ ሄክታር ያላነሰ ቦታ ላይ ያለ፣ ሁለት ሜትር የደረሰ፣ ከመሬቱ ከመቶ 20 እጁን የሸፈነ ሁሉ ደን ነው ተባለ። ወዲያው የአገሪቱ የደን ሽፋን 15.5 በመቶ ሆነ። ለካርቦን ድጋፍ ቁጥር ሲፈለግ የእኛ ሽመል ደን ነው። ለሰሊጥ መሬት ሲፈለግ ባዶ ነው። ሁለቱንም በአንድ ማኅተም የሚጽፍ ቢሮ እንዳለ አስቡት።

"ከሰሊጥ ጋር የተገኘህ ኑግ አብረህ ተወቀጥ" ይላል የአገሬ ሰው። መተከል ላይ አብሮ የሚወቀጠው ሽመሉ ነው። የእኔም ክርክር እዚህ ላይ ነው። አንድ መጥበሻ ቺፕስ ስናወጣ የተቆረጠው የኢንዶኔዥያ ደን ብቻ አይደለም። ያን ዘይት የምንገዛበትን ዶላር ለማምጣት መተከል ላይም ሽመል ተመንጥሮ ሰሊጥና አኩሪ አተር ተዘርቷል። ለአንድ ድስት ሁለት ደን። ፓልምን ብቻ አግደን የቀረውን ብንተወው ደግሞ የሱማትራውን ዕዳ ቡለን ላይ መጫን ነው።

"ደኑን የሚያቃጥለው ነዋሪው ራሱ አይደለም ወይ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ያቃጥላል። ጉሙዙ ከጥንት ጀምሮ እያቃጠለ፣ እየዘራ፣ ቦታ እየቀየረ ኖሯል። የለቀቀው ቦታ ዓመታት አርፎ መልሶ ይለብስ ነበር። ሰውና ማሳ ሲበዛ፣ ዙሪያው በሊዝ ሲታጠር፣ የሚቀየርበት ቦታ ጠፋ። ትራክተር የገባበት መሬት ደግሞ አያርፍም፣ ጉቶው ራሱ ተነቅሏል። ከሰሉንስ ማን ያነደዋል? ቡለን ላይ ቡና በከሰል ማፍላት ቅንጦት ነው።

እውነት ለመናገር እኔ ኑግን እወደዋለሁ፤ ስለዚህም ነው በስሙ ደን እንዲቆረጥ የማልፈልገው። ኑግ ከአደይ አበባ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ማሳው ቢጫ ሆኖ ሲያብብ ያየ ዝምድናውን አይጠራጠርም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ኑግ በራሱ ብናኝ ራሱን ማዳቀል የማይችል መሆኑን ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ብናኙን የምታደርሰው ንብ ናት። ንብ ከሌለች ጭንቅላቱ ፍሬ አይዝም። የሆለታ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲለፉ ምርቱ እንደ ስንዴ ያልተተኮሰበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ጠባዩ ነው፤ ተመሳሳይ ዘር እያባዙ ማውጣት ያስቸግራል። መተከል ንቧ የት ነው ያለችው? ዛፍ ላይ በተሰቀለ ቀፎ ውስጥ፣ ደኑ ዳር። ደኑን መንጥሮ ኑግ የዘራ ገበሬ ንቧን ያባርራል፣ ኑጉ በባዶ ያብባል፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ እንግዲህ ተጨማሪ መሬት ይመነጥራል። በለው!

(ኑግም ቢሆን ፃድቅ አይደለም። በ2008 የአዲስ አበባ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ ሲባል መነሻው ላሞቹ የበሉት ፋጉሎ ነበር። አያያዙ ካልተስተካከለ የእኛም ነገር ይመርዛል።)

ፋጉሎን ካነሣን አይቀር፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር በጥሬው ስንልክ የምንልከው ዘይቱን ብቻ አይደለም። ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን የከብት መኖም አብረን ነው የምንልከው። ከዚያ መኖ ተወደደ፣ ወተት ተወደደ፣ ዶሮ ተወደደ ብለን እንሰበሰባለን። ቡለን ላይ ቢጨመቅ ዘይቱ እዚያው ይሸጣል፣ ፋጉሎው እዚያው ከብት ያደልባል፣ መኪናው የሚጭነው ግማሹን ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ 50 ሺህ ሄክታር አይደለም። የማይቆራረጥ መብራት፣ ደህና መጭመቂያ፣ ለማኅበራት የሚሰጥ ብድር ነው። ባንክ ለሰሊጥ እርሻ ምንጣሮ ሲያበድር አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ ወደ አሶሳ ብቅ ይበል። ለመጭመቂያስ? አንድ የማውቀው ማኅበር (ስሙን አልጠራም) ለብድር ሲመላለስ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በመጨረሻ የተጠየቀው ዋስትና "መሬት አላችሁ?" የሚል ነው።

በያለበት ማሳ ላይ ከአንድ ሄክታር የሚገኘውን ማሳደግም ይቻላል። ፓዊ ያለው ማዕከል ያወጣቸው የአኩሪ አተር ዝርያዎች አሉ። ዘሩ ገበሬው እጅ በጊዜ አይደርስም፤ ማዳበሪያው ሲደርስ ክረምቱ ተጋምሷል። ምርት በሄክታር የማይጨምርበት አገር ምርት የሚጨምርበት አንድ መንገድ ብቻ ይቀረዋል፣ እሱም መጥረቢያ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሕግ አወጣ። ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ይዘቱ ግልጽ ነው፤ ቡና፣ ካካዎ፣ ፓልም፣ አኩሪ አተርና መሰሎቻቸው ከ2020 በኋላ ከተጨፈጨፈ ደን አለመምጣታቸው ካልተረጋገጠ እዚያ ገበያ አይገቡም። የእኛ ሰዎች ይህን ሰምተው ጂፒኤስ ይዘው የቡና ገበሬውን ማሳ ለመመዝገብ ተሯሯጡ። ጥሩ። ታዲያ ለፈረንጅ ሲኒ የሚጠየቀው ጥያቄ ለእኛ ድስት ለምን አይጠየቅም? የምንገዛው ጄሪካን ላይ ከየትኛው አገር፣ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ የሚጽፍ የለም፤ አንዳንዱ ላይ "የአትክልት ዘይት" ተብሎ የዘንባባ ሥዕል እንኳ በሱፍ አበባ ተተክቷል። ወደ እስያ ለሚጫነው አኩሪ አተርም ሽመል ተመንጥሮ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ የለም። ሻጩም አይጠይቅም።

በ2011 ክረምት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከልን ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። እኔም ተክያለሁ፣ ቲሸርቱም አለኝ። ግን ችግኝ ተከላ ላይ የሚገኘው ካሜራ አንድ አሥረኛው ምንጣሮ ላይ ቢገኝ እንዴት ጥሩ ነበር። የመተከል ወንዞች የሚወርዱት ዓባይ ነው። ዓባይ የሚወርደው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ወደተመረቀው ግድብ ነው። በእያንዳንዳችን ቦንድ የተሠራ ሐይቅ በላዩ ካለው ቁልቁለት አፈር እንዳይገባበት የሚይዘው ያ "ባዶ" የተባለው ሽመል ነው። ግድቡን የሚወድ ሰው ለአኩሪ አተር እርሻ ፈቃድ ሲሰጥ ቦታው ከወንዙ ስንት ሜትር እንደሚርቅ መጠየቅ አይከብደውም።

የምፈልገው ይህን ያህል ነው። ለዘይት እህል ተብሎ ደን ያለበት አንድ ሄክታር አዲስ መሬት አይሰጥ፤ የተሰጠውና ያልለማው ተቆጥሮ ስም ዝርዝሩ ይለጠፍ፤ መሬት አለን የሚሉት መጀመሪያ በያዙት ላይ ያምርቱ። ፋብሪካዎቹ ከሚያጣሩት ውስጥ ምን ያህሉ የአገር ውስጥ እህል እንደሆነ በየዓመቱ ይናገሩ። ፓልሙም እስኪቀንስ ድረስ ይግባ፣ ግን ከየት እንደመጣ ተጽፎበት ይግባ። ይህን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልግም፣ ብዙው በመመሪያ የሚያልቅ ነው።

ቡለን ላይ ምንጣሮ የሚጀመረው ዝናቡ አቁሞ ሣሩ ሲደርቅ ነው፣ ከጥር በኋላ። የመሬት ጥያቄዎቹ ግን ከዚያ በፊት ነው አሶሳ የሚገቡት፣ ገበሬው ኑግ እያጨደ ባለበት ሰሞን። የጋዜጠኛ ጓደኞቼ፣ መዝገቡን ጠይቁ። ዘንድሮ ስንት ሄክታር ተጠየቀ፣ የት፣ በማን፣ ለምን እህል? ከልካይ ካጋጠማችሁ ደግሞ መከልከላችሁን ጻፉት።